ኦቲኢ ምንድን ነው? የማስታወቂያው 60 ሺህና ኪስ የሚገባው

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ፣ ከሻይ ቤት ደጃፍ ወንበር አውጥተን የጠዋት ፀሐይ እንሞቃለን። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።»

የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ነው። የሶፍትዌር ሽያጭ ባለሙያ ይፈለጋል። የሥራ ቦታ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ። ከታች በደማቁ «ኦቲኢ 60,000 ብር» ይላል። ልጁ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ዓመት ሙሉ ሥራ ሲያፈላልግ የከረመ ነው። «ደመወዙ 60 ሺህ ነው አይደል?» አለኝ። ብሩን በሐሳቡ መመንዘር ጀምሯል።

አይደለም።

ኦቲኢ ከእንግሊዝኛ የመጣ ምህጻረ ቃል ነው። ሲፈታ «ታርጌት ሲመታ የሚገኝ ገቢ» እንደማለት ነው። ሁለት ነገር ተደምሮ ይመጣል። አንዱ ሸጣችሁም አልሸጣችሁም በየወሩ የሚገባላችሁ ቋሚ ደመወዝ ነው። ሌላው የተሰጣችሁን ኮታ፣ ማለትም በወር ሽጡ የተባላችሁትን መጠን፣ መቶ በመቶ ስትሞሉ የሚከፈላችሁ ኮሚሽን ነው። ማስታወቂያው ድምሩን በትልቁ ይጽፋል። «ስትሞሉ» የምትለዋን ቃል ግን አያጎላትም።

ከኪሴ አሮጌ ደረሰኝ አውጥቼ ጀርባው ላይ ጻፍኩለት። ቋሚው 24 ሺህ ይሁን። ኮሚሽኑ 36 ሺህ። የወር ኮታህ 600 ሺህ ብር ሽያጭ ነው እንበል። ስለዚህ ከምትሸጠው 6 በመቶ ያንተ ነው። ኮታውን ከሞላህ 60 ሺህ። ግማሹን ከሸጥክ ኮሚሽኑ 18 ሺህ፣ ድምሩ 42 ሺህ። ምንም ካልሸጥክ 24 ሺህ። አንዳንድ ድርጅት ደግሞ ከኮታው ግማሽ በታች ለሸጠ ኮሚሽን የሚባል ነገር የለም።

ወደላይም ይሄዳል እንጂ። ደህና ቤት ከሆነ ከኮታ በላይ ለተሸጠው መቶኛው ከፍ ይላል። 9 በመቶ ቢሆንና 800 ሺህ ብትሸጥ፣ ከኮታው ያለፈው 200 ሺህ ብቻውን 18 ሺህ ይወልዳል። ድምሩ 78 ሺህ። የቴክኖሎጂ ሽያጭ ጥሩ ይከፍላል የሚባለው ለዚህ ነው፤ የበረታ ሰው አለቃውን የሚበልጥበት ወር አለ። ይሄ ሁሉ ግን ግብር ሳይነካው ነው። ኮሚሽንም ግብር ይቆረጥበታል።

ውጭ አገር ውል የሚዘጉ ሻጮች ክፍያ ብዙ ጊዜ 50/50 ነው፤ ግማሹ ቋሚ፣ ግማሹ ኮሚሽን። ደንበኛ ፈልገው ቀጠሮ ለሚይዙ ጀማሪዎች ቋሚው ያመዝናል፤ 60/40 ወይም 70/30። እኛ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የእኩል እርሻ ነው። መንዝም ሂዱ ጅሩ፣ መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሰው በረዶ ሲጥል ከአራሹ ጋር አብሮ ያለቅሳል። እዚህ ግን በረዶው የሚወርደው በሻጩ ግማሽ ላይ ነው። ድርጅቱም ይጎዳል፣ አልካድኩም። እሱ ግን ሌላ ማሳ አለው፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሻጭ።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «60 ሺህ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው አይደለም። ኮታውን ማን፣ ምን አይቶ ቆረጠው? ነው።

600 ሺህን ወደ ሰው ለውጡት። ሶፍትዌሩ 100 ሺህ ብር ከሆነ በወር ስድስት ደንበኛ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ከተማዋ አድጋለች፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው አለ፣ ቢራ ፋብሪካ አለ። ግን የትልልቆቹ ግዢ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው አዲስ አበባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። 130 ኪሎ ሜትር ርቆ። የሚቀራችሁ ሆቴሉ፣ ፋርማሲው፣ የግል ትምህርት ቤቱ፣ ጅምላ አከፋፋዩ ነው። ጣርማበርን ወርዳችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ፣ እስከ ሸዋ ሮቢት በየወሩ ስድስት አዲስ ሰው ማሳመን። ይቻላል ይሆናል። አንድ ወር። ሁለተኛውስ?

ወቅትም አለው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፕሮፎርማ የሚሰበስበው ብዙ ነው፤ ሐምሌ ላይ ስልክ የሚያነሳ አታገኙም። ኮታው በወር ተቆርጦ ሽያጩ በወቅት የሚመጣ ከሆነ፣ ስድስት ወር ጾም ሁለት ወር ድግስ ነው።

ከዚያ «ሸጥኩ» የሚባለው መቼ ነው? ውል ሲፈረም ነው ወይስ ብሩ አካውንት ሲገባ? እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ተሸውዷል፤ እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። ደንበኛው ቅድሚያ ከፈለ፣ ቀሪውን «ሲስተሙ ከተገጠመ በኋላ» አለ። ገጣሚው ሁለት ወር ቆየ። የእኔም ኮሚሽን አብሮት ቆየ። ደንበኛው ውሉን ቢያፈርስ የተከፈለን ኮሚሽን ከሚቀጥለው ወር የሚቆርጥ ቤትም አለ። ይሄ ሁሉ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ኮታው በዓመቱ መሐል ይቀየር አይቀየር የሚለውም እንደዚሁ።

ሰው ብዙም የማያወራው አንድ የሕግ ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኮሚሽንን «ደመወዝ» ብሎ አይቆጥረውም። ከቦነስና ከትርፍ ሰዓት ጋር አንድ ላይ ከደመወዝ ውጭ አስቀምጦታል። የሥራ ስንብት ክፍያ ደግሞ የሚሰላው በደመወዝ ነው። ስለዚህ የሁለት ሰው ኦቲኢ እኩል 60 ሺህ ሆኖ፣ የአንዱ ቋሚ 40 የሌላው 15 ቢሆን፣ ሲሰናበቱ አንድ አይደሉም። ስትደራደሩ ቋሚዋን ያዙ።

የሙከራ ጊዜም በዚሁ አዋጅ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ትልቅ ሶፍትዌር ግን በ60 ቀን አይሸጥም። «በሙከራ ጊዜዬ የምመዘነው በሽያጭ ነው ወይስ በያዝኩት ቀጠሮ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኮታ ዝቅ ይበልልኝ ማለትም ነውር አይደለም፤ በሙያው የተለመደ ነው።

ልጁን «ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ አትርሳ፤ አሁን ካሏችሁ ሻጮች ስንቱ ኮታውን ይሞላል? በል» አልኩት።

«ጋሼ፣ ገና ሳልቀጠር ስለ ብር? አያስጠላኝም?»

ይሉኝታው ገባኝ። ሌላ ሥራ ቢሆን እኔም ቆጠብ በል እለው ነበር። ሻጭ ግን የሚቀጠረው ስለ ብር ፊት ለፊት እንዲያወራ ነው። የራሱን ዋጋ መጠየቅ ያፈረ፣ የሆቴል ባለቤት ፊት «100 ሺህ ነው» ሲል አንደበቱ ይያዛል። እኔ ቀጣሪ ብሆን ያንን የጠየቀኝን ነበር የምወስደው።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ይዞ ሄደ፣ ማታ ተመለሰ። ጠይቋል። ሰውዬው ትንሽ ዝም ብሎ «ከሰባቱ ሁለቱ» አለው አሉ። ልጁ እንደገና ተከራከረ፤ ቋሚው 28 ሺህ ሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ኮታም በግማሽ ወረደ። ሰኞ ይጀምራል።

አክስቴ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ 60 ሺህ ብላ አውርታ ጨርሳለች። እቁብም አስገብታዋለች።