የእልፍኝ ሙዚቃ፦ ቫዮሊንና ፒያኖ ለደሴ ጆሮ

የቫዮሊንና የፒያኖ ዝግጅት ሲጀመር መጀመሪያ የሚሰማው ዜማ አይደለም። ፒያኒስቱ «ላ» የሚባለውን ድምፅ ይነካል፣ ቫዮሊኒስቱ ጆሮውን ጣል አድርጎ አራቱን ክሮች ይቃኛል። ደሴ ላይ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም፤ አምባሰልም ባቲም እዚሁ ጎረቤት ያሉ አገሮች ናቸው፣ ትዝታና አንቺሆዬ ሲጨመሩ አራቱንም ቅኝት ወሎ የኔ ይላል።

ፈረንጆቹ ቻምበር ሙዚቃ ይሉታል። እኔ የእልፍኝ ሙዚቃ ብለው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የተወለደው መኳንንት ቤት ውስጥ፣ ጥቂት ሰው ለጥቂት ሰው ሲጫወት ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ ደግሞ አዳራሽ ነው፤ ሕዝብ ግብር የሚበላበት። የእልፍኙ ሙዚቃ እዚያ ቢገባ ይዋጣል። በዱላ የሚመራ ሰው የለም፣ ሁለቱ የሚግባቡት በትንፋሽና በዓይን ነው። ሦስተኛ ሰው ካለ ፒያኒስቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ የኖታ ገፅ የሚገልጠው ነው፣ እሱም ትንፍሽ አይልም።

ሁለቱ መሣሪያዎች እኩል የሆኑት ቀስ በቀስ ነው። ሞዛርት በልጅነቱ ያሳተማቸው ሶናታዎች (በክፍል በክፍል የተደረሱ የመሣሪያ ሙዚቃዎች) ቫዮሊንን አጃቢ ነበር የሚያደርጉት። ቤትሆቨን 10 የቫዮሊን ሶናታ ጽፏል፣ 9ኛው ላይ ሁለቱ ይፎካከራሉ ብል ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1803 ቪየና ውስጥ ጠዋት ላይ ሲቀርብ ቫዮሊኑን የያዘው ጆርጅ ብሪጅታወር ነበር፣ በአባቱ የአፍሪካ ዘር ያለው ሰው። ኖታው ገና በወጉ ስላልተገለበጠ ብሪጅታወር ሁለተኛውን ክፍል ከቤትሆቨን የእጅ ጽሑፍ ላይ እያየ ነው የተጫወተው። በኋላ ሁለቱ ተጣሉ፣ መታሰቢያነቱ ለፈረንሳዊው ቫዮሊኒስት ለሮዶልፍ ክሮይሰር ዞረ። እሱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት አልተጫወተውም ይባላል። ስሙ ግን እስከዛሬ «ክሮይሰር» ነው!

ማሲንቆ ለሚያውቅ ቫዮሊን ዘመድ ነው። የሁለቱም ደጋን የፈረስ ጭራ ነው፣ ሁለቱም ላይ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚነግር ምልክት የለም፣ ድምፅ እንደልብ ይንሸራተታል። ፒያኖ ሌላ ነገር ነው። 88 ቁልፍ አለው፣ ውስጡ መዶሻ ክር ይመታል፣ የተመታው ድምፅ ወዲያው መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ቫዮሊኑ እየጎተተ ሲያለቅስ ፒያኖው ከሥር እየመታ መሬት ያበጅለታል። የኛዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሁለቱንም ተምረዋል፤ ዓለም ያወቃቸው ግን በፒያኖው ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ለኛ ትንሽ ይከብዳል። ሶናታ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይ አራት ክፍል አለው፣ በመሃል አይጨበጨብም። እሰይ የለም፣ ግንባር ላይ ብር መለጠፍማ ጭራሽ።

ቫዮሊኒስት መሣሪያውን ተሸክሞ ይመጣል። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስቶ ሐረጎን ሲወጣና ደሴ ብርድ ውስጥ ሳጥኑን ሲከፍት እንደገና መቃኘቱ አይቀርም። ፒያኒስት ግን ያገኘውን ነው የሚጫወተው፣ እኛ ጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የሠርግ ኪቦርድ ነው። ባለ 61 ቁልፉ ለክሮይሰር አይበቃም። ለሙከራ ግን ይሆናል፦ ሦስት ሆነው ከተጠጉት ጥቁር ቁልፎች ከመጀመሪያዋ ተነስታችሁ ጥቁሮቹን ብቻ ወደ ቀኝ አምስቴ ንኩ። ትዝታ ነው።