ከሽምግልና እስከ ችሎት፦ በኢትዮጵያ ሕግ ክርክር የሚያልቅባቸው መንገዶች

በኢትዮጵያ ክርክር የገጠመው ሰው አራት መንገድ አለው፤ ራሱ ይደራደራል፣ በሽማግሌ ወይም በአስታራቂ ይታረቃል፣ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው በመረጡት የግልግል ዳኛ ይዳኛል፣ አለዚያ ይከሳል። ምርጫውን የሚወስኑት በተለይ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ሕጉ መንገዱን ይፈቅዳል? ውሳኔውስ እምቢ ባይን ያስገድዳል?

ሽምግልና በየብሔረሰቡ የዳበረ፣ መንግሥት ቢቀያየርም ያልጠፋ ትልቅ ሀብታችን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስምምነትን፣ ዕርቅንና ግልግልን ከቁጥር 3307 ጀምሮ ደነገገ። ፍቺ እንኳ በዘመድ ዳኞች ይታይ ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ።

ዛሬ ዋናው ሕግ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። በዚህ አዋጅ የግልግል ስምምነት በጽሑፍ ይሆናል። የዳኞቹ ቁጥር ካልተጠቀሰ ሦስት ይሆናሉ። ውሳኔው እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ተዋዋዮች ካልተስማሙ በቀር ይግባኝ የለም።

ብዙ ያነጋገረው የሰበር፣ ማለትም የመጨረሻ ውሳኔን ለመሠረታዊ የሕግ ስህተት ዳግም የማየት ጉዳይ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2003 ዓ.ም. «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» የሚል የውል ቃል እንደማያግደው ወሰነ። ይህ ግልግልን ጎድቷል የሚሉ የሕግ ባለሙያዎች አሉ፤ ትችታቸው ሚዛን ሳይደፋ አይቀርም። አዲሱ አዋጅ ለመሠረታዊ የሕግ ስህተት ሰበርን ክፍት ትቶ፣ ተዋዋዮች በስምምነት እንዲዘጉት ፈቅዷል። ስለዚህ ውል ሲጻፍ ይህችን ነጥብ ዝም ብሎ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል።

ከውጭ ድርጅት ጋር ለሚዋዋል ነጋዴ ግልግል ይመረጣል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ የሚፈጸምበትን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀብላለች፤ የግልግል ውሳኔው ከ160 በላይ በሆኑ አባል አገሮች ሊፈጸም ይችላል።

ወንጀል፣ ፍቺ፣ ጉዲፈቻ፣ ውርስ፣ ግብር፣ ኪሳራና ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳይ ግን ለግልግል አይቀርቡም።

ፍርድ ቤት የገባ ሰውም መታረቅ አይከለከልም። የፍትሐ ብሔር ክርክር በየትኛውም ደረጃ በስምምነት ሊያልቅ ይችላል። ስምምነቱ ችሎት ቀርቦ ከጸደቀ አፈጻጸም ይጠየቅበታል። በወረቀት ብቻ የቀረ ዕርቅ ግን፣ አንዱ ወገን ከካደ፣ ሌላ ክስ ይወልዳል።

ይርጋም፣ ማለትም ሕግ ለክስ የወሰነው የጊዜ ገደብ፣ አይዘነጋም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመመለስ በሦስት ወር ውስጥ መክሰስ አለበት። ለአሠሪው ሽማግሌ መላክ ብቻውን ይህን ጊዜ አያቆመውም።