ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፦ የተፈረደበት ሰው ይመርጣል?

አሜሪካ ውስጥ በከባድ ወንጀል፣ ሰዉ እንደሚለው በፌሎኒ፣ የተፈረደበት ሰው ይምረጥ አይምረጥ የሚለውን የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት የዋሽንግተን አካባቢ ይበቃል።

ዲሲ ውስጥ እስረኛም ይመርጣል። የፈቀደው በ2020 (በፈረንጆቹ) የወጣ ሕግ ነው። ከ50ዎቹ ግዛቶች እንዲህ የሚያደርጉት ሜይንና ቨርሞንት ብቻ ናቸው። የዲሲ ፍርደኞች ይታሰሩበት የነበረው የሎርተን ወህኒ ቤት በ2001 ስለተዘጋ፣ ዛሬ በየግዛቱ ባሉ የፌደራል እስር ቤቶች ተበትነዋል። ስለዚህ ድምፃቸውን በፖስታ ይልካሉ።

ሜሪላንድ ከ2016 ጀምሮ መሃል መንገድ ይዛለች። ከእስር የወጣ ሰው ፕሮቤሽን (ከእስር ውጭ የሚደረግ ክትትል) ላይም ቢሆን ይመርጣል። ገዢው ላሪ ሆጋን ሕጉን ውድቅ አድርገውት ነበር፤ ምክር ቤቱ ሽሮባቸው አጸደቀው። ድምፅ በመግዛት ወይም በመሸጥ የተፈረደበት ግን አይፈቀድለትም። ይቺ እንኳን ትገባኛለች።

ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲገባ ነገሩ ይከብዳል። ፌሎኒ ያለበት ሰው ቅጣቱን ጨርሶ ቢወጣም፣ ሠርቶ ግብር ቢከፍልም፣ ገዢው መብቱን ካልመለሱለት ዕድሜ ልኩን አይመርጥም። የ1902ቱ የግዛቱ ሕገ መንግሥት ጥቁሮችን ከምርጫ ለማስወጣት ታስቦ እንደተጻፈ አርቃቂዎቹ ራሳቸው አልደበቁም። ለምርጫ ይከፈል የነበረው ግብርና የማንበብ ፈተናው ቀርተዋል። የፌሎኒው ክልከላ ግን በ1971 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥትም ውስጥ አለ።

በ2016 ገዢው ቴሪ መኮሊፍ ከ200,000 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች በአንድ ትእዛዝ መብታቸውን መለሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጅምላ አይቻልም አለ። እሳቸውም እሺ ብለው ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መፈረም ጀመሩ፤ ሥልጣን እስኪለቁ ከ170,000 በላይ ሰዎች መብታቸውን አገኙ። በ2021 ቀጣዩ ገዢ ራልፍ ኖርተም ከእስር ለወጣ ሁሉ መመለስ ጀመሩ። ቀጥለው የመጡት ግሌን ያንግኪን ደግሞ ያመለከተውን ብቻ፣ አንድ በአንድ እየታየ ነው አሉ። ሕገ መንግሥቱ ሳይነካ፣ ገዢ በተቀየረ ቁጥር አሠራሩ ተገለባበጠ።

ሕግ የጣሰ ሰው ሕግ አውጪ መምረጥ የለበትም የሚሉ አሉ። ይህ አንድ አቋም ነው። መብቱ በገዢው ፊርማ ላይ መንጠልጠሉ ግን ለእነሱም ቢሆን ለመከላከል የሚከብድ ይመስለኛል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ምክር ቤቱ መሃል ላይ ምርጫ ተደርጎ ሁለት ጊዜ ማጽደቅ አለበት። ከዚያ ወደ ሕዝበ ውሳኔ ይሄዳል። መብታቸው ያልተመለሰላቸው ሰዎች በዚያ ድምፅ ላይም አይሳተፉም።