ቤቱ ሲተኛ ቆጣሪው ይተኛል? የውሃ መፍሰስን በስማርት ሆም ስለመለየት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ቤተሰቡ ተኝቷል። ቧንቧ የከፈተ የለም፤ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑም ቆሟል። በዚህ ሰዓት የውሃ ቆጣሪው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካልቆመ ውሃው ማንም ወደማያየው ቦታ እየሄደ ነው።

ብዙዎቻችን ስማርት ሆም የምንለው የቤት አውቶሜሽን ውሃ መፍሰሱን የሚያውቀው ከዚህ ቀላል ሐሳብ ተነስቶ ነው። ጤነኛ ቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ውሃ አይጠቀምም። ቆጣሪው ዜሮ የሚሆንበትን ያንን ሰዓት የሚጠብቅ ማሽን ካለ፣ በግድግዳና በወለል ውስጥ የተደበቀ ችግር ይጋለጣል። ወለል ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ሴንሰሮች (መዳሰሻዎች)፣ ስልክ ላይ የሚመጣው መልእክት፣ ውሃውን በራሱ የሚዘጋው ቫልቭ ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የተጨመሩ ናቸው።

የብክነቱን መጠን ለማየት የአሜሪካን ቁጥር ብንወስድ ይጠቅማል። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢፒኤ) እንደሚለው በአንድ አማካይ ቤት ውስጥ በዓመት ወደ 10,000 ጋሎን የሚጠጋ ውሃ በከንቱ ይፈስሳል። 38,000 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ከ100 ቤቶች 10ሩ ደግሞ በቀን 90 ጋሎን ወይም ከዚያ በላይ ያፈስሳሉ። 90 ጋሎን 340 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 17 ይሞላል። ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በሰከንድ አንዴ ጠብ የምትል ቧንቧ እንኳ በዓመት ከ3,000 ጋሎን በላይ ታባክናለች።

ከሁሉም የሚከፋው ግን የሚያንጠባጥበው ቧንቧ አይደለም። እሱ ይታያል፤ ድምፁም እንቅልፍ ይነሳል። አስቸጋሪው ሽንት ቤት ነው። በውሃ ሳጥኑ ታች ያለችው የጎማ ክዳን ስታረጅ በደንብ አትገጥምም። ውሃው ዝም ብሎ ወደ መቀመጫው ይወርዳል፤ ሳጥኑም ዝም ብሎ ይሞላል። ወለሉ አይረጥብም፣ ግድግዳው አይሻግትም። ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ ያድርጉና ፍላሽ ሳያደርጉ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ክዳኗ መቀየር አለባት።

ወለል ላይ የሚቀመጠው ሴንሰር

በጣም የተለመደውና ርካሹ ይህ ነው። ከታች ሁለት የብረት ነጥቦች አሉት። የቧንቧ ውሃ በውስጡ ማዕድን ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ውሃው ሁለቱን ነጥቦች ሲያገናኛቸው ሴንሰሩ መልእክት ይልካል። ቦታው ከላቫንዲኖ ስር፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከቦይለሩ አጠገብና ሽንት ቤት ነው። ረዘም ያለ ቦታ ለመሸፈን በገመድ መልክ የተሠራም አለ።

አብዛኞቹ በባትሪ ይሠራሉ። ዋይፋይ ባትሪ ስለሚጨርስ ብዙዎቹ ዚግቢ ወይም ዜድ-ዌቭ የሚባሉትን የሬዲዮ መገናኛዎች ይጠቀማሉ። ዚግቢ እንደ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ዜድ-ዌቭ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ908 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ዝቅ ያለው ሞገድ ግድግዳ ስለሚያልፍ ለምድር ቤት ይሻላል። የዚግቢን ድካም ለመጠገን መሀል ላይ ሶኬት ውስጥ የሚሰካ የዚግቢ መሣሪያ ማስገባት ይበቃል፤ መልእክቱን ተቀብሎ ያስተላልፋል።

ይህ ሴንሰር ጥሩ ነው፤ ግን የሚናገረው ውሃው ወለሉ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ያውም እሱ ባለበት ቦታ ብቻ። ስለ ሽንት ቤቱ ሳጥን ምንም አያውቅም። ግቢ ውስጥ ከአፈር ስር ስለተሰበረው ቧንቧም እንዲሁ። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ገንዘብ ቆጣሪው ላይ አውሉት እላለሁ።

ቆጣሪውን ማዳመጥ

ቤቱ ውስጥ የሚገባው ውሃ ሁሉ የሚያልፈው በአንድ ቧንቧ ነው። እዚያ ላይ የቆመ ጠባቂ ሁሉንም ያያል። ብዙ ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አላቸው። ሁሉም ነገር ተዘግቶ እሷ ከዞረች ውሃ እየሄደ ነው።

ይህንን ዙር ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ብዙ መንገድ አለ። አንዳንድ ቆጣሪ ውስጥ የሚሽከረከር ማግኔት ስላለ ውጪ የታሰረ ሴንሰር ይቆጥረዋል። ፍሉም የተባለው የአሜሪካ ምርት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ቧንቧ መቁረጥ አያስፈልገውም። ሌሎች ኢኤስፒ32 የተባለውን ርካሽ ቺፕ ከትንሽ ካሜራ ጋር ቆጣሪው ላይ ይገጥሙና ቁጥሩን ከፎቶ ያነብባሉ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቆጣሪዎች ንባባቸውን በሬዲዮ ስለሚያሰራጩ፣ መጀመሪያ ለቴሌቪዥን በተሠራ ዩኤስቢ መቀበያ የራሳቸውን ቆጣሪ የሚሰሙ ሰዎችም አሉ።

ግፊትን መለካት ሌላው መንገድ ነው። አንድ ቧንቧ ሲከፈት በመስመሩ ሁሉ ውስጥ የግፊት ሞገድ ይሄዳል። የሻወሩ ሞገድ ከሽንት ቤቱ ይለያል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ሃይድሮሴንስ ባሉት ሥራቸው፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ በተገጠመ አንድ ሴንሰር የትኛው ቧንቧ እንደተከፈተ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ፊን የተባለው መሣሪያ ግፊቱን በሰከንድ 240 ጊዜ ይለካል።

ግፊት የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያትም አለ። የሚሽከረከር ክፍል ያለው ቆጣሪ በጣም ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ አያንቀሳቅሰውም። ስለዚህ እንደ ሞየን ፍሎ ያሉ መሣሪያዎች ሰው ውሃ በማይጠቀምበት ሰዓት ቫልቩን ለጥቂት ደቂቃ ዘግተው ግፊቱን ያያሉ። ግፊቱ ከወረደ ከቫልቩ ወዲህ የሆነ ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ።

ማን ይወስናል?

ሴንሰር ብቻውን ዓይን ነው። ውሳኔው የሚሰጠው ሁሉንም በሚያገናኘው ሶፍትዌር ነው። ከእነዚህ በጣም የታወቀው ሆም አሲስታንት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም እዚያው ቤት ውስጥ ይቀጥላል፤ ለውሃ ጉዳይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላም ጥቅም አለው። የውሃ አጠቃቀም ቤተሰቡ መቼ እንደሚተኛና መቼ ቤት እንደሌለ ይናገራል። እንዲህ ያለ መረጃ ከቤት ባይወጣ ይመረጣል።

ትእዛዞቹ አጫጭር ናቸው። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቆጣሪው አንዴም ካልቆመ ጠዋት ንገረኝ። ውሃ ለ2 ሰዓት ሳያቋርጥ ከሄደ ስልኬ ላይ ጩህ። ወለሉ ከረጠበ ሳትጠይቀኝ ዝጋ። ሦስተኛው ላይ ማመንታት አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የክርስትና ወይም የሠርግ ድግስ ባለበት ቀን ውሃው ሙሉ ቀን ይሄዳል። ሰው እጁን ሳሙና እንደተቀባ ቫልቩ ቢዘጋ፣ በማግስቱ ቤተሰቡ ሲስተሙን ነቅሎ ይጥለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሁን። የቤቱ ልማድ ሲታወቅ ነው የመዝጋት ሥልጣን የሚሰጠው።

የሚዘጋው በሞተር የሚዞር ቫልቭ ነው። ቧንቧውን ቆርጦ የሚገባ አለ። ነባሩን እጀታ ከውጪ ይዞ የሚያዞር ክንድም አለ፤ ይህ ለተከራይም ይሆናል። ክንዱ የሚሠራው ግን በሩብ ዙር ለሚዘጋ እጀታ ብቻ ነው። እንደ መኪና መሪ ብዙ ጊዜ የሚዞረውን አይችለውም። ቫልቩን በወር አንዴ ዘግቶ መክፈት ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ በደለልና በኖራ ይጣበቃል። አንድ ነገር በጣም አደራ የምለው አለ። በአንዳንድ አዳዲስ የአሜሪካ ቤቶች ጣሪያ ላይ ያለው የእሳት ማጥፊያ ውሃም ከዚያው መስመር ነው የሚመጣው። ቫልቩ ያንን መስመር እንዳይዘጋ በባለሙያ ይታይ።

ለዳያስፖራው ወገን የውሃ ነገር የሚብሰው በክረምት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በበረዶውና በተዘጋው ቧንቧ መካከል የታጨቀው ውሃ ብረት ይሰነጥቃል። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ቴክሳስን የመታው ብርድ ዳላስን ጨምሮ በብዙ ከተሞች የቤት ቧንቧዎችን አፈንድቷል። ብዙ ሰው ደግሞ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄደው በዚያው በብርዱ ወራት ነው። ባዶ ቤት ውስጥ የፈነዳ ቧንቧ ባለቤቱ እስኪመለስ ይፈስሳል። ከመሄድ በፊት ዋናውን የውሃ መዝጊያ መዝጋት ከሁሉም ሴንሰር ይበልጣል። የኢንሹራንሱንም ውል ማንበብ ነው፤ ብዙ ውሎች ድንገት የፈነዳውን እንጂ ለወራት ቀስ ብሎ ሲፈስ የቆየውን አይሸፍኑም። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ የሆነ ደግሞ የከተማዋ ውሃ አቅራቢ ዲሲ ዋተር አጠቃቀም ከልክ ሲያልፍ መልእክት የሚልክበትን አገልግሎት ይጠቀም።

ሮቶ ባለበት ቤት

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ቤቱ የሚኖረው ከሮቶ ነው። ቆጣሪው የሚዞረው ሮቶው ሲሞላ እንጂ ሰው ሲጠቀም አይደለም። ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወጣው አየርም ቆጣሪውን ሊያዞረው ይችላል። ስለዚህ የሌሊቱን ዜሮ ከቆጣሪው ይልቅ ከሮቶው ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

ለዚህ ክዳኑ ላይ የሚገጠም፣ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚሰማ የአልትራሳውንድ ሴንሰር አለ። ውሃ የማያስገባውን ዓይነት መምረጥ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ስፋቱ 1.2 ሜትር በሆነ ክብ ሮቶ ውስጥ የ1 ሴንቲሜትር መውረድ 11 ሊትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቀን ፀሐይ ያሞቀው ሮቶ ሌሊት በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ 1 ሜትር የሆነው ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር ያህል የጨመረ ይመስላል። ሳይፈስ ወደ 30 ሊትር የጠፋ ይመስላል ማለት ነው። አጠገቡ ትንሽ የሙቀት መለኪያ አድርጎ ስሌቱን ማረም ያስፈልጋል።

ያው ሴንሰር ሌላ ጉድም ይይዛል። ተንሳፋፊው መዝጊያ ሲበላሽ ሮቶው ሞልቶ ይፈስሳል። ውሃ የሚለቀቀው ሌሊት ከሆነ ሰፈሩ ተኝቶ ሳለ ግቢው ይጥለቀለቃል። ልኩ ከጫፍ አልፎ መውረድ እንቢ ሲል መግቢያው ቢዘጋ ይህ ይቀራል። መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት መቆጣጠሪያውን በፓወር ባንክ መያዝ ነው።

ሴንሰር የሌለው ሰውም ዛሬውኑ መጀመር ይችላል። ውሃ ባለበት ሌሊት፣ ሮቶው ከሞላ በኋላ መግቢያውን ይዝጉ። ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ የሮቶውን ልክ በእንጨት ለክተው ምልክት ያድርጉ። ማንም ውሃ ሳይነካ ጠዋት ሁለቱንም ይዩ። ቆጣሪው ከዞረ ችግሩ ከቆጣሪው እስከ ሮቶ ባለው መስመር ላይ ነው። ሮቶው ከወረደ ከሮቶው ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ሳጥን ይመልከቱ።