የሂንዱ አማልክት የቆዳ ቀለም በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ

በሂንዱ ሃይማኖታዊ ሥዕል ውስጥ አማልክት የሰው ቆዳ ቀለም ይዘው የሚታዩት ሁልጊዜ አይደለም። ክሪሽና ሰማያዊ፣ ሺቫ አመድ የተቀባ ነጭ፣ ካሊ ጥቁር፣ ላክሽሚ ወርቃማ፣ ባለ ዝሆን ራሱ ጋኔሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆነው ይሳላሉ። ምእመኑ ፊቱን ሳይለይ ገና ከሩቅ በቀለሙ ብቻ የትኛው አምላክ እንደቀረበለት ያውቃል። ቀለሙ ግን ከመለያነት ያለፈ ታሪክ አለው። ጥንታውያኑ ጽሑፎች በግልጽ ጥቁር ያሏቸው አማልክት በሠዓሊዎች እጅ ሰማያዊ ሆነዋል፤ የኅትመት ዘመን ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ እየፈኩ ሄደዋል። ይህ ለውጥ ዛሬ በሕንድ ስለ ቆዳ ቀለም በሚደረገው ክርክር ውስጥ በቀጥታ ይነሳል።

ቀለሙን ሠዓሊው እንደፈለገ አይመርጥም። ለየአምላኩ፣ ካህኑም ሆነ ቀራጩ መልኩን በልቡ እንዲያይ የሚያግዝ የሳንስክሪት ስንኝ አለ። በስንኙ ውስጥ የእጆቹ ብዛት፣ የያዘው መሣሪያ፣ የሚቀመጥበት እንስሳና የገላው ቀለም ተነግሯል። የእውቀት እንስት አምላክ ሳራስዋቲ እንደ ጃስሚን አበባ፣ እንደ ጨረቃና እንደ በረዶ ነጭ ናት። ሽሪ ሱክታ የተባለው ጥንታዊ መዝሙር ላክሽሚን ወርቅ መልክ ይላታል። ሺቫ እንደ ካፉር የነጣ ነው፤ አንገቱ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ይቀባል። ምክንያቱም አማልክትና አጋንንት የሕይወትን መጠጥ ለማግኘት ውቅያኖሱን ሲንጡ ዓለምን ሊያጠፋ የሚችል መርዝ ወጣ፤ ሺቫም ጠጥቶ በጉሮሮው አስቀረው። ማሃባራታ የተባለው ጥንታዊ የጀግንነት ግጥም ደግሞ የአንዱ አምላክ የናራያና (የቪሽኑ ሌላ ስሙ ነው) ቀለም ከዘመን ወደ ዘመን እንደሚለዋወጥ ይናገራል፤ በመጀመሪያው ዘመን ነጭ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ ቢጫ፣ እኛ ባለንበት በመጨረሻው ዘመን ጥቁር ነው።

ብዙ ጥያቄ የሚያስነሳው የቪሽኑና በምድር የተገለጠባቸው የራማና የክሪሽና ሰማያዊነት ነው። የክሪሽና ስም ራሱ ጥቁር ማለት ሲሆን ባለቅኔዎች ዝናብ ያዘለ ደመና ይሉታል። ለገበሬ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አይገኝም፤ ያ ደመና የክረምቱ ተስፋ ነው። በብዙ የማስተዋወቂያ ጽሑፎች “ሰማይና ባሕር ወሰን ስለሌላቸው አምላኩም ሰማያዊ ሆነ” የሚል ማብራሪያ ይቀርባል። ማብራሪያው ያምራል፤ የጥንቶቹ ስንኞች ግን ደጋግመው የሚጠሩት ደመናውንና ጥቁር ሰማያዊ የውሃ አበባን ነው። ሠዓሊውም ቢሆን ተግባራዊ ችግር ነበረበት፦ ጥቁር ከቀባው ዓይኑ፣ ቅንድቡና የገላው መስመር ይጠፉበታል። ከኢንዲጎ ተክል ወይም ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚመጣው ላፒስ ላዙሊ ድንጋይ የሚገኘው ሰማያዊ ጥቁረቱን ሳይክድ መስመሩን ያሳየዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ የክሪሽናን ታሪክ በሚተርከው በባጋቫታ ፑራና ቅጂዎች ላይ ክሪሽና ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በሂማላያ ግርጌ የነበሩት የባሶህሊና የካንግራ ሠዓሊዎች በኋላ ይህን ቀለም ወደ ረቂቅ ጥበብ አሳደጉት። ጥቁሩ ክሪሽና ቢጫ ይለብሳል፤ ወርቃማዋ ወዳጁ ራዳ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ትለብሳለች፤ እያንዳንዳቸው የሌላውን ገላ ቀለም እንደ ልብስ ያጠልቃሉ። ነጩ ወንድሙ ባላራማም ልብሱ ሰማያዊ ነው።

ሰማያዊው ግን በሕንድ ሁሉ ሕግ አይደለም። በደቡብ ምዕራቧ ኬራላ ቪሽኑ፣ ራማና ክሪሽና አረንጓዴ ናቸው። ኮቺ ውስጥ ባለው የማታንቼሪ ቤተ መንግሥት ግድግዳዎች ላይ እንዲሁ ይታያሉ፤ በካታካሊ ተውኔትም የመልካም ጀግኖችና የአማልክት ፊት ወፍራም አረንጓዴ ይቀባል። በኬራላ የግድግዳ ሥዕል ቀለሙ የባሕርይ ምልክት ነው። አረንጓዴ ለሰከነና ለጠራ ጠባይ፣ ቀይና ቢጫ ለብርቱና ለቁጡ ጠባይ ይሰጣል።

የቀለሙን ሥርዓት በቅርብ ለማየት ግን በምሥራቅ ሕንድ ኦዲሻ ከሚገኘው የፑሪ ቤተ መቅደስ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እዚያ ሦስት ወንድማማችና እህት አማልክት ከኒም እንጨት ተጠርበው ጎን ለጎን ቆመዋል። የክሪሽና መልክ የሆነው ጃጋናት ጥቁር ነው፤ ክብ ግዙፍ ዓይኖቹ በዚያ ጥቁረት ላይ ያበራሉ። ባላባድራ ነጭ፣ እህታቸው ሱባድራ ቢጫ ናት። በየዓመቱ በበጋው ሙሉ ጨረቃ ወደ አደባባይ ወጥተው በ108 እንስራ ውሃ ይታጠባሉ። ውሃው ቀለማቸውን ስለሚያደበዝዘው “ታመዋል” ተብሎ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሕዝብ ዓይን ይሰወራሉ፤ አገልግሎቱን በትውልድ የሚወርሱ አገልጋዮች በዝግ በር ያስታምሟቸዋል፤ ቀለማቸውም ይታደሳል። ከዚያ በታላላቅ ሠረገላዎች ተጭነው በሕዝብ ባሕር መካከል ይወጣሉ። በዚያው አካባቢ የጨርቅ ሥዕል የሚሠሩት ባለሙያዎች ነጩን ከተፈጨ ዛጎል፣ ጥቁሩን ከኩራዝ ጥቀርሻ፣ ቀዩንና ቢጫውን ከማዕድን ያወጣሉ። ጥቁሩ አምላክ መሐል አገሩ ላይ ጥቁር እንደሆነ መቆየቱ ከዚህ የማያቋርጥ እድሳት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

የካሊ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። ጠጉሯን በትና፣ ምላሷን አውጥታ፣ የራስ ቅል ሐብል አጥልቃ፣ አመድ በነጣው በሺቫ ደረት ላይ ትቆማለች፤ ጥቁሩ ገላ ነጩን ገላ የረገጠበት ይህ ምስል በሂንዱ ሥዕል ውስጥ ካሉት ሁሉ ጠንካራ ነው። ማሃኒርቫና ታንትራ የተባለው መጽሐፍ ነጭና ቢጫ ሁሉ በጥቁር ውስጥ እንደሚጠፉ ፍጡራንም በካሊ ውስጥ ይገባሉ ይላል። በኮልካታ በሁግሊ ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. በ1855 በተሠራው የዳክሺኔሽዋር ቤተ መቅደስ ምስሏ ከጥቁር ድንጋይ ነው። በቤንጋል ቤቶች የሚሰቀለው ሥዕሏ ግን ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ለስልሷል።

የሺቫ ሚስት የፓርቫቲ ተረት ደግሞ የቀለም ንቀት ከውጭ ብቻ እንዳልመጣ ያሳያል። በአንዳንድ ፑራናዎች (የአማልክትን ታሪክ በያዙ ጥንታውያን መጻሕፍት) ሺቫ ሚስቱን ለጨዋታ “ጥቁሯ” ይላታል። እሷም ተቆጥታ ወደ ጫካ ሄደች፤ በጽኑ ተጋድሎ ጥቁር ቆዳዋን አውልቃ ወርቃማዋ ጋውሪ ሆነች፤ የወለቀው ቆዳም ራሱን የቻለ ተዋጊ እንስት አምላክ ሆነ። ዴቪ ማሃትምያ የተባለው የእንስት አምላክ ውዳሴ መጽሐፍ ግን ታሪኩን ገልብጦታል፦ ከገላዋ የወጣችው ውቧ ስትሆን ፓርቫቲ ራሷ ጥቁር ሆና ቀረች። ሁለቱም ትረካዎች እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

በድንጋይ ሥራ ቁሱም የራሱን ድርሻ ይዟል። በደቡብ ሕንድ መቅደሶች ውስጥ የሚመለኩት ዋና ምስሎች ብዙ ጊዜ ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጹ ሲሆኑ ለዘመናት የተቀቡት ዘይት የበለጠ አጥቁሯቸዋል። በራጃስታን ናትድዋራ የሚመለከው ክሪሽናም ጥቁር ነው። በሰሜን ግን የጃይፑር ቀራጮች በነጭ እብነ በረድ የሚሠሩት ራማና ክሪሽና በየከተማው ተሠራጭቷል፤ እብነ በረዱ ሳይቀባ ሲቀር ጥቁር የተባለው አምላክ ነጭ ሆኖ ይቆማል።

ማፍካቱ ከኅትመት በፊትም ነበር፤ በታንጃቩር ሥዕሎች ሕፃኑ ክሪሽና ብዙ ጊዜ ነጭ ነው። ነገሩን በሚሊዮን ቤት ያስገባው ግን ማተሚያው ነው። ከኬራላ የወጣው ሠዓሊ ራጃ ራቪ ቫርማ (1848–1906) የአውሮፓን የዘይት ቀለም ጥበብ ተምሮ አማልክትን እንደ ሕያው ሰው ሳለ፤ እ.ኤ.አ. በ1894 በቦምቤይ አቅራቢያ ማተሚያ ቤት ከፈተ። የእሱ ላክሽሚና ሳራስዋቲ ፊታቸው የፈካ እመቤቶች ናቸው። ለዚህ ሥራ ትልቅ ክብር ይገባዋል፤ በዝቅተኛ መደብነት ከመቅደስ የተከለከሉ ሰዎች ርካሹን ኅትመት ገዝተው አምላካቸውን በቤታቸው ሰቅለዋል። ይሁን እንጂ ያ መልክ ሲደጋገም፣ በታሚል ናዱ ሲቫካሲ በሚታተሙት የቀን መቁጠሪያዎችና ከ1967 ጀምሮ በወጡት የአማር ቺትራ ካታ የሥዕል መጻሕፍት ሲቀጥል፣ ጥቁር ቆዳ የአጋንንት ድርሻ እየሆነ ሄደ። ሕፃን ልጅ ከእንዲህ ዓይነት ገጽ ምን እንደሚማር ለመገመት አያዳግትም። ቆዳ ያቀላል ተብሎ ከ1975 ጀምሮ የተሸጠው ፌር ኤንድ ላቭሊ ክሬም ስሙን የቀየረው በ2020 ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በቼናይ ከተማ ፎቶግራፍ አንሺው ናሬሽ ኒልና የማስታወቂያ ባለሙያው ባራድዋጅ ሰንዳር ጠይም ሞዴሎችን እንደ ላክሽሚ፣ ሲታ፣ ሺቫና ክሪሽና አልብሰው አነሱ። ሥዕሎቹ ሰፊ መነጋገሪያ ሆኑ። ላክሽሚን በተመለከተ ጽሑፉ ወርቃማ ስለሚላት ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ክሪሽናን በተመለከተ ግን ፎቶግራፉ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ለጽሑፉ የቀረበ ነው።

በሰሜን ሕንድ በአዮዲያ ከተማ አዲሱ የራማ ቤተ መቅደስ ሲሠራ ሦስት ቀራጮች የሕፃኑን ራማ ምስል አዘጋጁ፤ አንዱ በነጭ እብነ በረድ ነበር። ለመቅደሱ የተመረጠው ግን የማይሱሩ ቀራጭ አሩን ዮጊራጅ ከካርናታካ በመጣ ጥቁር ድንጋይ የሠራውና 51 ኢንች ቁመት ያለው ነው። ምስሉ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 22 ቀን 2024 በሃይማኖታዊ ሥርዓት ተቀደሰ፤ የራማን ታሪክ የሚተርከው ጥንታዊው የቫልሚኪ ራማያናም ራማን ጠይም ይለዋል።