ልጆችን ስለ ኮምፖስትና ስለ አዳቃይ ነፍሳት ማስተማር

በትምህርት ቤት ጓሮ ለልጆች ከሚሰጡ የተግባር ትምህርቶች መካከል የኮምፖስት ዝግጅትና የአዳቃይ ነፍሳት እንክብካቤ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይቀርባሉ፤ ይሁንና የአንድ ዑደት ክፍሎች ናቸው። የበሰበሰው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፣ በዳበረው አፈር ላይ የበቀለው ተክል ያብባል፣ ነፍሳት ብናኙን ከአበባ አበባ አድርሰው ፍሬ ያስይዛሉ፣ የፍሬው ልጣጭም ተመልሶ ወደ ኮምፖስቱ ክምር ይገባል። ልጆችን በአትክልት መካከል የማስተማር ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1840 ለመዋዕለ ሕፃናቱ ያወጣው «ኪንደርጋርተን» የሚለው ስም ራሱ «የልጆች የአትክልት ስፍራ» ማለት ነው።

ኮምፖስትን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና የመሬት ትሎች ናቸው። ለሥራቸው የሚመከረው ምጥጥን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን (በደረቅ ቅጠል የሚበዛው) ለ1 እጅ ናይትሮጅን (በእርጥብ አረንጓዴ ነገር የሚበዛው) ነው። ይህን ቁጥር ለሰባት ዓመት ልጅ መንገር ትርፉ ድካም ስለሆነ፣ ልጆቹ ለአንድ እቅፍ እርጥብ አረንጓዴ ነገር ሁለት ሦስት እቅፍ ደረቅ ቅጠል እንዲጨምሩ ማድረግ ይበቃል። እርጥበቱን የሚለካው የልጁ እጅ ነው፦ ከክምሩ አንድ እፍኝ ዘግኖ ሲጨምቀው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካንጠባጠበ ልኩ ነው፤ ውሃው በጣቶቹ መካከል ከወረደ ደረቅ ቅጠል፣ እጁ ላይ ብትን ካለ ደግሞ ውሃ ይጨመርበታል። አንድ ሜትር ኩብ የሚያህልና በወጉ የተሠራ ክምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል። መሐሉ ላይ ተሰክቶ የቆየ እንጨት ተመዝዞ ሲዳሰስ ትኩስ ሆኖ መገኘቱ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት በሥራ ላይ መሆናቸውን ከየትኛውም ሥዕል የበለጠ ያሳምናል። ሥጋ፣ ወተትና ቅባት አይጥ ስለሚጠሩ አይጨመሩም። ክምሩ ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነውና በአካፋ ይገላበጣል፤ አንድ ጊዜ ሸትቶ የተስተካከለ ክምር፣ እንከን ገጥሞት ከማያውቀው የተሻለ አስተማሪ ይመስላል። ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ስለ አዳቃዮች ሲነገር የማር ንብ ሌላውን ሁሉ ትጋርዳለች። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ሲታወቁ፣ አብዛኞቹ ማር የማያከማቹና ለየብቻቸው የሚኖሩ ናቸው፤ ዝንቦች፣ ቢራቢሮዎች፣ ጢንዚዛዎች፣ ወፎችና የሌሊት ወፎችም ብናኝ ያደርሳሉ። ከዋና ዋናዎቹ የምግብ ሰብሎች 75 በመቶ ያህሉ ቢያንስ በከፊል በእነዚህ እንስሳት ላይ ይመካሉ። ይህን ለማሳየት ከዱባ የተሻለ ተክል ማግኘት ይከብዳል፤ ወንዴና ሴቴ አበባዎቹ ለየብቻ ናቸው፣ ሴቴዋም ከሥሯ ባለው ትንሽ እንቡጥ ፍሬ ትለያለች። ሊፈነዱ አንድ ቀን ከቀራቸው ሁለት ሴቴ አበባዎች አንዷ በስስ ጨርቅ ትሸፈናለች፣ ሌላዋ ክፍት ትተዋለች። አበባዎቹ ማለዳ ተከፍተው ረፋዱ ላይ ስለሚከደኑ ልጆቹ በጊዜ መድረስ አለባቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የተሸፈነችው ፍሬዋ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ክፍቷ ግን ንብ ከጎበኘቻት ፍሬዋ ማበጥ ይጀምራል።

እንክብካቤው ራሱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ ተከታትለው የሚያብቡ የአካባቢው ተክሎች፣ ነፍሳቱ እንዳይሰጥሙ ጠጠር የተደረገበት ገበታ ውሃ፣ ፀረ ተባይ አለመርጨት። መነደፍን የሚፈሩ ልጆች፣ ለብቻቸው የሚኖሩ ንቦች የሚከላከሉት ቀፎ ስለሌላቸው እምብዛም እንደማይናደፉ ሲነገራቸው ይረጋጋሉ፤ የንብ መርዝ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ግን መምህሩ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ሁለቱ ትምህርቶች የሚጋጩበት ቦታም አለ። አብዛኞቹ የንብ ዝርያዎች ጎጇቸውን የሚሠሩት አፈር ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ ቆፍረው ነው፤ ስለዚህ ኮምፖስቱ በደረሰ ጊዜ ልጆች በደስታ መደቡን ሁሉ በወፍራሙ ቢያለብሱት መግቢያ ያሳጧቸዋል። በመሆኑም ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት አንድ እርምጃ ያህል መሬት ሳይቆፈርና ሳይለብስ ይተዋል። ዙሪያውን ችካል ተተክሎ በሲባጎ ይታጠራል፣ ልጆቹም ፈንጠር ብለው ተቀምጠው የሚገቡትንና የሚወጡትን ይቆጥራሉ።