የካሲኒ የጠፈር አቧራ መመርመሪያ

የጠፈር አቧራ መመርመሪያው ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ሳተርንን ስትዞር ከያዘቻቸው 12 የሳይንስ መሣሪያዎች አንዱ ነበር። የተሠራው በጀርመን ሃይድልበርግ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኑክሌር ፊዚክስ ተቋም መሪነት ሲሆን፣ ሥራውን በመጀመሪያ ኤበርሃርድ ግሩን፣ ቀጥሎም ራልፍ ስራማ መርተውታል። ካሲኒ እ.ኤ.አ. በ1997 ከምድር ተነሥታ በ2004 ሳተርን ደረሰች።

መሣሪያው የሚመረምረውን ነገር የሚያውቀው አጥፍቶ ነው። ቅርጹ አፉ የተከፈተ ባልዲ ይመስላል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ወደ ውስጥ ስትገባ በአፉ ላይ የተዘረጉት የሽቦ መረቦች የተሸከመችውን የኤሌክትሪክ ሙል ይለካሉ። ወዲያው በሰከንድ በርካታ ኪሎ ሜትር እየከነፈች ከታች ካለው፣ ስፋቱ 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሮዲየም (ብርቅ የብረት ዓይነት) ሳህን ጋር ትላተማለች። ሮዲየም የተመረጠው በጠፈር አቧራ ውስጥ እምብዛም ስለማይገኝ ነው፤ የሳህኑ ምልክት ከቅንጣቷ ምልክት ጋር አይምታታም። ከግጭቱ የሚወጡትን አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አተሞችና ሞለኪውሎች፣ የኤሌክትሪክ መስክ ይስባቸዋል፤ ቀላሎቹ ቀድመው፣ ከባዶቹ ዘግይተው ይደርሳሉ። ቅንጣቷ ከምን እንደተሠራች የሚነበበው ከዚህ እጅግ አጭር የጊዜ ልዩነት ነው።

መሣሪያው ሲነደፍ ውቅያኖስ ይፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ኤንሴላደስ የተባለችው ትንሽ የሳተርን ጨረቃ ከደቡብ ዋልታዋ እንፋሎትና በረዶ እንደምትረጭ የታወቀው በ2005 ነው። ኢ-ቀለበት የተባለውን የሳተርን ቀለበት የሚመግበውም ይኸው በረዶ ነው። በማርች 2008 ካሲኒ በዚያ ርጭት ውስጥ ስታልፍ የመመርመሪያው ሶፍትዌር ተሰናክሎ ወሳኙ መረጃ አመለጠ፤ እንዴት ያለ የሚያስቆጭ ዕለት ነበር! የኋለኞቹ በረራዎች ግን ክሰዋል። በ2009 ይፋ በሆነው ጥናት ከቀለበቱ ቅንጣቶች አንዳንዶቹ በርከት ያለ የሶዲየም ጨው ይዘው ተገኙ። ጨው ከእንፋሎት ጋር ስለማይተን፣ እነዚህ ቅንጣቶች የመጡት ድንጋይ ካጠበ ፈሳሽ ውኃ መሆን አለበት። በ2015 ደግሞ ደቃቅ የሲሊካ (አሸዋ በብዛት የሚሠራበት ማዕድን) ቅንጣቶች በጨረቃዋ በረዶ ሥር ባለው ውቅያኖስ ወለል ከ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ያላነሰ ሙቅ ውኃ እንዳለ ጠቆሙ።

ከዚህ ሌላ፣ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የመጡ 36 ቅንጣቶችን ለይቷል።

ካሲኒ በሴፕቴምበር 2017 ወደ ሳተርን ከባቢ አየር ገብታ ተቃጠለች። መረጃው ግን ሥራውን አላቆመም፤ በ2023 ተመራማሪዎች ከዚሁ ክምችት በኤንሴላደስ በረዶ ውስጥ ፎስፌት አገኙ፤ ለሕይወት የግድ የሆነው ፎስፎረስ ያለበት ውሁድ ነው። በዚሁ መርህ የሚሠራ፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተገነባ ሌላ የአቧራ መመርመሪያ በኦክቶበር 2024 ዩሮፓ ክሊፐር በተባለችው መንኮራኩር ተጭኖ ወደ ጁፒተር ጉዞ ጀምሯል።